የሐጃ መሪማ ጨርቅ

የአማቴን ከፈን አንሶላ አድርጌ ሰፋሁት። እኔና ባሌ ተኝተንበታል። ከዛ በበረኪና አጠብኩት።

እንዴት እንደሆነ ባጭሩ ልናገር፣ እሳት ላይ የጣድኩት አለ።

አማቴ ሐጃ መሪማ ናቸው። ቤታችን ሐይቅ ከተማ ነው፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውሃው በሚያወርደው ቅያስ። ለውጥ መጣ በተባለ በዓመቱ፣ ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ኢቲሳም ሐጅ አስደረገቻቸው። ሰው ከመካ ምንጣፍ ይዞ ይመጣል፣ ወርቅ ይዞ ይመጣል። እሳቸው ከፈናቸውን ይዘው መጡ። እዛው ገዝተው፣ በዘምዘም ውሃ በእጃቸው ነክረው፣ ካረፉበት ቤት ጣሪያ ላይ አድርቀው። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ አብረዋቸው የሄዱት ጎረቤታችን መስኡዳ ይዘው ነው የጨመቁት። የመስኡዳንም እንደዛው። ሲያወሩት ይስቃሉ። «ሁለት አሮጊት ከፈናችንን ስንጨምቅ ያየን ፓኪስታኒ ሁሉ ቆሞ ዱአ አደረገልን» ይላሉ።

ከፈን መርፌ አይነካውም። ሰው ሞቶ ሲታጠብ ጨርቁ እንዳለ ይጠቀለልበታል፣ በቃ። ስፌት የለው፣ ቁልፍ የለው።

ሐጃ በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ያወጡታል። ጓሮ ፀሐይ ላይ ያውሉታል፣ ሽቶ ነገር ያደርጉበታል፣ በአረንጓዴ ሳቲን ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ይመልሱታል። ሰው አያስነኩም። እኔም ያን ቀን ወደ ጓሮ አልዞርም። ቁጭ ብሎ የሰው ከፈን ማየት ምን ይባላል። ስለዚህ አረንጓዴውን ነው እንጂ የማውቀው ነጩን አላውቀውም።

ባሌ እንድሪስ የሳቸው ልጅ ነው፣ እሱም ጅዳ ነበር። መጥቶ አገባኝ፣ ጫጉላው ሳያልቅ ተመለሰ። ከዛ ኮሮና መንገዱን ዘጋ። ከዛ ጦርነቱ። በመሀል በሰው እጅ ነጭ ጨርቅ ላከልኝ፣ «ለአልጋችን» ብሎ። ሲመጣ እሰፋዋለሁ ብዬ ከሌሎቹ ጨርቆቼ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ቤቴ ውስጥ ነው የምሰፋው። ዩኒፎርም፣ ጉርድ፣ ያገኘሁትን።

ጥቅምት ላይ ተኩሱ ከውጫሌ ወደኛ ቀረበ። እትዬ የሺሀረግ የምትባል ሴት አለች፣ ከአምባሰል ተፈናቅላ መጥታ እኛ ቤት የተጠጋች። ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።

«ይሄ ከባድ መሣሪያ ነው» አለች። «እኔ ጆሮዬ ለምዷል። ተነሱ።»

ተነሳን። ያን ቀን ማን ምን እንዳነሳ ማን አየ። ቅያሱ በሙሉ ይጮሃል። እኔ ማዳበሪያዬን አህያ ላይ ጫንኩ። ሐጃን በሌላ አህያ። እትዬ የሺ በእግሯ፣ እየተሳደበች። ገጠር፣ አርዲቦ፣ ወንድሜ ሰዑድ ቤት ገባን። ማዳበሪያውን ጭድ ውስጥ ቀበርነው።

መስኡዳ አልወጡም። «የት ሄጄ ልሙት፣ እዚሁ ልሙት» አሉ፤ እንዳሉትም ሆነ። መድኃኒት አልቆባቸው ሞቱ። ሳጥናቸው ተሰብሮ ከመካ ያመጡት ጨርቅ ሄዷል። ሱቅ የለ፣ ገበያ የለ። የቀሩት ሰዎች የመስኮት መጋረጃ አውርደው በሱ ቀበሯቸው። አበባ ያለው መጋረጃ ነው፣ እኔ ነኝ የሰፋሁላቸው።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ይሄን ነገሩን። ሐጃ አላለቀሱም። ማታ ላይ፣ «የኔን አላህ አተረፈልኝ» አሉ። ከዛ በኋላ ሁሌ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ስኳራቸው ሲነሳ፣ እግራቸው ሲያብጥ፣ ደሴ ሐኪሙ ኩላሊታቸው እንደደከመ ሲነግረን፣ «ግድ የለም፣ የኔን አትርፎልኛል» ይላሉ። ሌላ የሚመኙት ነገር የለም። በዛ ጨርቅ መቀበር ብቻ። እኔ የት እንዳተረፉት አልጠየቅኩም። ቀሚሳቸው ሥር ታጥቀውት የወጡ መስሎኛል።

አለመጠየቄ ነው ጉዱ።

ወጡን አማስዬ መጣሁ።

ቤቱን ባዶ ነው ያገኘነው። አልጋ የለ፣ ፍራሽ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ። ትራሶቹን ትተው የትራስ ልብሶቹን ወስደዋል፣ ዕቃ ሊይዙባቸው ይሆናል። የስፌት መኪናዬ ከብዷቸው ቀረ፣ ቀበቶውን ግን ፈተው ሄደዋል። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ አሰርኩለት፣ ይሠራል። ክረምትና በጋ አልጋ ላይ የኖረ ሰው ሰሌን ላይ ሲተኛ ወገቡ ይናገራል። የሁላችንም ወገብ ይናገር ነበር።

እንድሪስ በሻዕባን፣ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ እመጣለሁ አለ። በስንት ዓመቱ። አልጋ አሠራሁ፣ ፍራሽ ገዛሁ። ለአንሶላ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ጠየቅኩና ሳልመልስ ወጣሁ። ራሴ እሰፋዋለሁ አልኩ። ሰዑድ ማዳበሪያውን አመጣልኝ። ፈታሁት። ነጭ ጨርቅ ያስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ።

ሳስበው ከነበረው ለስለስ ይላል። ሽቶ ሽቶም ይላል። ከሳዑዲ የመጣ ነገር ሁሉ እንደዛ ነው የሚሸተው። እንድሪስም እንደዛ ነው የሚሸተው።

እትዬ የሺ ጨርቁን ከአንድ ወገን ያዘችልኝ፣ እኔ መቀሱን ያዝኩ።

«ምን ልታደርጊው ነው ይሄን ሁሉ?» አለች።

«የታች አንሶላ፣ የላይ አንሶላ፣ ሁለት የትራስ ልብስ። ከሌላው ባለአበባ ጨርቄ ደግሞ የብርድ ልብስ መክተቻ።»

«ለአንድ ባል?»

«ለአንድ ባል።»

«እኔ አስረስን የተቀበልኩት በቁርበት ነው፣ አምስት ልጅ ወለድኩ።»

«እኔ በቁርበት አልቀበልም።»

«አውቃለሁ። ልጅ ያጣሽው በሱ ነው።»

«ልጅ ያጣሁት ባሌ ጅዳ ስለሆነ ነው። ወጥረሽ ያዢልኝ፣ ይሸበሸባል።»

ያዘች። ቆረጥኩ። ጨርቁ የአልጋዬን ስፋት አይሞላም፣ ሁለት ሁለት ቁራጭ ወርድ በወርድ ገጠምኩ። ጠርዙን ቀመቀምኩ። ለታችኛው አራቱም ማዕዘን ላይ ላስቲክ አስገባሁ፣ ፍራሹን ጥርቅም አድርጎ እንዲይዝ። እንደዛ ያለ አንሶላ ሰው ቤት ስሠራ አይቼ ልቤ ቀርቶበት ነበር፤ ኩዌት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የትራስ ልብሶቹ ዙሪያ ዳንቴል አደረግኩ።

ሐጃ ከሰላት ተነስተው በበሩ አለፉ። የስኳሩ ነገር ዓይናቸውን አድክሞታል፣ ቀረብ ብለው በእጃቸው ነው የሚያዩት። መጡና ጨርቁን ዳሰሱት።

«ለስላሳ ነው። ከየት አገኘሽ?»

«እንድሪስ የላከው ነው እማ።»

«ሌላ ላከ?»

መኪናው ይጮሃል፣ እኔ መርፌው ላይ ነኝ። «አዎ» አልኩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አላሰብኩም።

«የመካ ጨርቅ ይመስላል» አሉ።

«ከዛው አይደል የመጣው።»

«አላህ የምትወልጂበት ያድርገው» ብለው በላዩ ላይ ዱአ አደረጉ። አሚን አልኩ። እትዬ የሺም አሜን አለች።

እንድሪስ መጣ። አልጋውን አይቶ፣ «ይሄን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አለ። ደስ አለኝ። ሌላውን አልጽፍም።

ቅዳሜ አንሶላውን ገፈፍኩት፣ የትራሱንም። ነጭ ነገር በኦሞ ብቻ አይጠራልኝም፣ በረኪና ጨመርኩበት። አጥቤ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ዘረጋሁት። ሐጃ በርጩማቸውን ይዘው ወጡና አንሶላው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ሙጂባ።»

«አቤት እማ።»

«ፀሐይቱ ዛሬ ጥሩ ናት። ያን ጨርቄን አምጪውና ይሰጣ። ረመዳን ሊገባ ነው።»

«የቱን ጨርቅ?»

«የቱን ትላለች ደሞ። ከፈኔን ነዋ።»

«የት ነው ያለው?»

«አንቺ ጋ። ማዳበሪያሽ ውስጥ።»

ባልዲውን ይዤ ቆሜያለሁ። «የርሶ ጨርቅ እኔ ማዳበሪያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ከቆዩ ቆይተዋል። «ያን ቀን ከተትኩታ። ሳጥን ይሰብራሉ፣ ቀድመው የሚሰብሩት ሳጥን ነው። አረንጓዴው ያብለጨልጫል፣ እሱን ገፈፍኩና ነጩን ብቻ ጨርቆችሽ መሀል አስገባሁት። ጨርቅ መሀል ያለ ጨርቅ ማን ያየዋል።»

«እዛ ውስጥ የኔ ነጭ ጨርቅ ነበር።»

«አልያዘልኝማ። ያንቺን አውጥቼ አልጋው ላይ ጣልኩት። ያንቺ ጅዳ ሞልቷል፣ ባልሽ ይልክልሻል። ልኮልሽም የለ። የኔ ከየት ይመጣል? ተቆጣሽ እንዴ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ልነግርሽ ነበር፣ ተረሳኝ። የመስኡዳን ስሰማ ነው፣ እንኳን አደረግኩት ያልኩት።»

ነፋስ መጣ። የአንሶላው ጫፍ ጭንቅላታቸውን ነካቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

ባልዲውን አስቀመጥኩ። በጆሮዬ የምሰማው የመኪናዬን ድምፅ ብቻ ነው። ወርድ በወርድ ስገጥም፣ ስቀመቅም፣ ላስቲክ ሳስገባ።

«ማዳበሪያው ቆጥ ላይ ነው» አልኩ። «እንድሪስ ያወርደዋል። ነገ ይሰጣ።»

«ነገም ፀሐይ አለ» አሉ።

ደንበኛ መጣች። ቆይ።

እትዬ የሺ ከኋላ ክፍል በርበሬ ትቀነጥሳለች። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ነገርኳት። በርበሬው እጇ ላይ ቀረ።

«በግሸኗ» አለች። «እኔ ነኝ የያዝኩልሽ።»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ያንቺን ሃይማኖት ከየት አውቄ። ጨርቅ ያዢ አልሽኝ፣ ያዝኩ።»

«አንቺን ማን ከሰሰሽ።»

«ተኝታችሁበታል?»

ከፊቷ አንድ በርበሬ አንስቼ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«ኧረ በስመ አብ» አለች። ከዛ ሳቅ ሲመጣባት አየሁ፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በርበሬው ዓይኗን አቃጠላት። «አትቆጪኝ፣ ሳቅ አይደለም፣ ድንጋጤ ነው። አስረስም ሰው ሲሞት ይስቃል።»

«ምን ላድርግ?»

«ጨርቅ ጨርቅ ነው። ሌላ ነጭ ግዥ። ዓይናቸው አያይ።»

«በዘምዘም የታጠበ ነው እኮ።»

«ውሃ ደግሞ ማን አየው?»

አንሶላውን ከገመዱ አውርጄ እሷ ክፍል ሳፋ ውስጥ ከተትኩት። ሐጃ ጥላው ሲሄድባቸው፣ «ቶሎ ደረቀ» አሉና በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው ሳቡ።

እንድሪስ ከመስጊድ ሲመጣ ባዶው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነበር። ነገርኩት። ብድግ አለ። ፍራሹን ዞሮ አየው፣ ልክ የሆነ ሰው እዛ የተኛ ይመስል።

«የእማን?» አለ።

«የእማን።»

«ተኝተንበታል እኮ።»

«አውቃለሁ እንድሪስ። እዛው ነበርኩ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ሐራም ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሸሁን ጠይቅ።»

«ሸሁን ከጠየቅኩ እስከ መግሪብ ሐይቅ ይሰማዋል። እማም ትሰማለች።» ጫማውን መልሶ አሰረ። «አትንገሪያት። ይገድላታል። መስኡዳን አስቢ። እሷ እኮ ሌሊት በእንቅልፏ ‹መጋረጃ› ትላለች፣ እኔ ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«በቃ። እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ሄዶ ጠሃ ሱቅ አቡጀዲ ገዛ። ከአንድ ጣቃ ላይ፣ ሳይቆራረጥ። ጠሃ፣ «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀው አሉ። «ማንም» ብሎ ወጣ። ዘምዘም ደግሞ ከጅዳ በጀሪካን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ሐጃ በየጧቱ በሲኒ ነው የሚጠጡት፣ ገና ብዙ አለ። እትዬ የሺ ክፍል ውስጥ አቡጀዲውን በሱ ነከርነው። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ጨመቅነው።

«ይኸው» አለ። «ነጭ ነው። ዘምዘምም ነክቶታል። መርፌ አልነካውም። አላህ ዘንድ ልዩነት የለውም። ምኑ ነው ውሸቱ?»

እውነቱን ነው። ሃይማኖቱ የሚጠይቀው ሁሉ አለው። የኔ አንሶላ ነው የሌለው፣ ተቆርጦ፣ በመርፌ ተወግቶ፣ ላስቲክ ገብቶበት፣ በረኪና ጠጥቶ።

እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆማ፣ «እሱ ይሻላል ሙጂ» አለች። «አሮጊት ናቸው። ደስ ብሏቸው ይሂዱ።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን አልክድም።

እሑድ ረፋድ ላይ ደረቀ። እንድሪስ አጣጥፎ ያዘው፣ እኔ ተከተልኩት። ሐጃ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

«ይኸው እማ።»

ሁለቱንም እጃቸውን ጫኑበት። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ያውቁታል አልኩ። አቡጀዲ ሻካራ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ የፈተሉ ሴት ናቸው። አንስተው አፍንጫቸው ጋ አደረጉት። እንድሪስ ወደኔ አየ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ።

አመኑት።

የበለጠ የደነገጥኩት ያኔ ነው። ከትናንቱም የበለጠ። ቢያውቁብኝ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ቢያምኑኝ የምለውን አላዘጋጀሁም። እንድሪስ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ሰማሁት። ሐጃ ጫፉን ፈልገው አገኙና በጣታቸው ያሹት ጀመር፣ ቀስ ብለው።

«ይሄን ጫፍ ነው መስኡዳ የያዘችው» አሉ። «እኔ ወደዚህ አዞርኩ፣ እሷ ወደዛ አዞረች። ጉልበት አልነበራትም፣ ‹መሪማ ክንዴን ቆረጥሽው› ትለኛለች። እህቴን። እሷ ይሄን ሳታገኝ።»

ጨርቁን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«ሻከር አለ እማ?» አለ እንድሪስ። ለምን እንዳለ አላውቅም። ዝም ቢል ምን ነበረበት።

«ጭድ ውስጥ የከረመ አይሻክር?» አሉ። ለጨርቁ እሳቸው ምክንያት ሰጡለት። «አተረፍሽልኝ ሙጂባ። አህያ ላይ የጫንሽው አንቺ ነሽ። ነይ እዚህ።»

ሄድኩ። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይሞቃል።

«ኢቲሳም ሩቅ ናት። መንገዱ ተከፍቶላት አትደርስም። የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ።»

«እማ ተይው አሁን» አለ እንድሪስ።

«አንተ ዝም በል፣ የሴት ነገር ነው። የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ ሙጂባ። ሌላ ሰው እንዳይነካኝ። በዚህ ጨርቅ የምትከፍኚኝም አንቺው ነሽ፣ በእጅሽ። መስኡዳ የያዘችውን ጫፍ በፊቴ በኩል አድርጊልኝ። አደራ።»

አደራ አሉ። ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የሚሞቱበትን ቀን አሰብኩት። ውሃውን ሳሞቅ፣ ሳጥባቸው፣ ከጠሃ ጣቃ ላይ የተቀደደ አቡጀዲ ስዘረጋ፣ የሌለውን ጫፍ ስፈልግ። መስኡዳ የያዙት ጫፍ ሳፋ ውስጥ ነው፣ ዳንቴል ተሰፍቶበት።

«እሺ በይኝ እንጂ» አሉ።

እንድሪስ በዓይኑ «በይ» አለኝ። እትዬ የሺ ከውጭ ሆና ታያለች፣ እሷም ራሷን ነቅንቃ «በይ» አለችኝ።

እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። ወጣሁ። እንድሪስ፣ «ሙጂባ» አለ ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ። እትዬ የሺ በሩን ልትዘጋብኝ ነበር፣ ገፋ አድርጌያት ክፍሏ ገባሁ። አንሶላዎቹንና የትራስ ልብሶቹን ከሳፋው አወጣሁ። መቀሴን ከመኪናው ላይ አነሳሁ። ተመልሼ ሐጃ እግር ሥር ተቀመጥኩ። አቡጀዲውን ከደረታቸው ወሰድኩና አንሶላውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ስፌቱን እንዲዳስሱት እጃቸውን ይዤ ጠርዙ ላይ አደረግኩት። «የርሶ ይሄ ነው እማ» አልኩ። ከዛ ላስቲኩን መተርተር ጀመርኩ።